ዲግሪ ያለው ልጃችሁ «ሕግ ልማር» ቢላችሁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለቡና በተቀመጥኩበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ልጄ በኢንጂነሪንግ ተመርቋል። አሁን ደግሞ ሕግ ልማር ይለኛል። ይኼ ልጅ ትምህርት ነው የሚወደው ወይስ ሥራ ነው የሚሸሸው?» ይሉኛል። ሌላዋ እናት ደግሞ «ልጄ ነርስ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ቅዳሜና እሁድ ሕግ እማራለሁ ብላ ልጆቹን እኔ ዘንድ ልትተው ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?» ትለኛለች።

ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአካውንቲንግ ዲግሪዬን በያዝኩ በዘጠነኛው ዓመት፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ ከሥራዬ ሳልለቅ ሕግ ተምሬ ጨርሻለሁ። መኖሪያዬ ደሴ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ። ልጆቼን በነዚያ ዓመታት ያሳደገቻቸው እናቴ ናት። ስለዚህ ጉዳዩን ከተማሪዋም ከአያትየዋም ወገን ሆኜ ላወራችሁ እችላለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ልጆቻችሁን «ሕግ ተማሩ» ወይም «አትማሩ» ለማለት አይደለም። ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ አንድ ሰው ተመዝግቦ መላው ቤተሰብ የሚማረው ትምህርት ስለሆነ፣ እሺ ወይም እምቢ ከማለታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባውን ለማካፈል ነው።

ለምን ሕግ?

ዲግሪ ይዘው ወደ ሕግ የሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ ከሥራቸው ላይ አንድ ነገር አጋጥሟቸው የመጡ ናቸው። በክፍላችን ፖሊስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያና የጤና ባለሙያ ነበሩ። መምህሩ በተማሪዎቹ ላይ በሚደርስ ያለዕድሜ ጋብቻ ተቆጭቶ የመጣ ነው። የባንክ ሠራተኛዋ የብድርና የመያዣ ውሎችን ከፊርማው ባሻገር ማንበብ ፈልጋ ነው። ሁሉም በየመሥሪያ ቤቱ ከሕግ ጋር ሲጋጭ፣ ሲፈርም፣ ሲያስፈርም የኖረ ነው።

የእኔ ከቤት ነው የጀመረው። አያቴ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ከአምስት ልጆቻቸው መካከል አንዷ አክስቴ ሳታገባ፣ ከቤት ሳትርቅ፣ አሥራ አንድ ዓመት አስታማቸዋለች። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሽማግሌና ጎረቤት አስጠርተው፣ «ይህች ቤት የእሷ ናት፤ ማንም እንዳይነካባት» ብለው ተናዘዙ። የሰማው ሰው ከአሥር ይበልጣል። እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን ለቅሶ ተቀመጥን።

አርባው ሳይወጣ ከወንድሞቿ አንዱ ክስ መሠረተ። አክስቴ ምስክሮቿን ሁሉ ይዛ ቀረበች። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቃል የተደረገ ኑዛዜ ቤት አያስተላልፍም። ሕጉ በአንቀጽ 893 በቃል ኑዛዜ የሚፈቅደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት መናገር፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት፣ እና አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆች አሳዳጊና ሞግዚት መወሰን። ስለዚህ ቤቱ ለአምስቱ ልጆች እኩል ተከፈለ። አንዱ የሌላውን ድርሻ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረ ተሸጠ። አክስቴ ዛሬም የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው። ወንድምና እህቶቹ ሽማግሌ ገብቶ በዓል አብረው እስኪውሉ ሦስት ዓመት ፈጅቷል።

ዳኛው የፈረዱት በሕጉ ነው፤ ሕጉም ያን ያህል ጥብቅ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ሟች ተነሥቶ «እንዲህ አላልኩም» ሊል ስለማይችል ጽሑፍና ምስክር ይጠይቃል። የከነከነኝ ሌላ ነው፤ አያቴ በሕይወት ሳሉ ይህን የሚነግራቸው አንድ ሰው ከቤተሰባችን አልነበረም። በቤታችን የሒሳብ ባለሙያ፣ ሁለት መምህራንና አንድ መሐንዲስ ነበርን። ሕግ የሚያውቅ ግን የለም። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕጉ የት እንደተጻፈ ግን አናውቅም ነበር።

አጭር መንገድ አለ ወይ?

ብዙ ወላጆች የሚጠይቁኝ ይህን ነው። «ዲግሪ ካለው አያሳጥሩለትም?» ይላሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የነገራቸው ነገር ስላለ ነው። እውነት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የሚማረው የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ነው፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ይፈጃል። በህንድ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥሎ የሚገባ ተማሪ አምስት ዓመት ሲማር፣ ዲግሪ ይዞ የሚመጣው ሦስት ዓመት ይማራል። በእንግሊዝ በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው የሕግ ዲግሪውን በሁለት ዓመት የሚጨርስበት መንገድ አለ።

የእኛ አገር መንገድ ከዚህ ይለያል። ዘመናዊ የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው በ1956 ዓ.ም. በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሕጎች ከዚያ ቀድመው ወጥተው ነበር፤ የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ በ1952 ዓ.ም. ታውጀዋል። እነዚህን መጻሕፍት አንብቦ የሚፈርድና የሚሟገት ሰው በፍጥነት ስላስፈለገ፣ ፋኩልቲው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን በማታ ያስተምር ነበር። ጎልማሳ የሕግ ተማሪ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ከተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ የሕግ ዲግሪ በመደበኛው ፕሮግራም አምስት ዓመት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ የሚማር ሰው በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚወስደው ኮርስ ስለሚያንስ ጊዜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ቀድሞ የተያዘ ዲግሪ የሚጠቅመው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንደ እንግሊዝኛ ያሉ የጋራ ኮርሶች ተማሪው ቀድሞ ወስዷቸው ከሆነ እንዲያዙለት መጠየቅ ይችላል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ተቋሙ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ትራንስክሪፕትና የኮርስ ዝርዝር ይዞ ሬጅስትራር ዘንድ መጠየቅ ከምዝገባ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ማጥናት የለመደ ሰው ማጥናትን እንደገና አይማርም።

የሕግ ኮርሶቹ ግን አይዘለሉም። ውል፣ ንብረት፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ወንጀል፣ ማስረጃ፣ ሕገ መንግሥት፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ግብር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፣ ምስለ ችሎት፣ የተግባር ልምምድ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ። ሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚፈተኑትን የመውጫ ፈተና የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው የለመዱት። «ሕግ በሁለት ዓመት እናስመርቃለን» የሚል ቢመጣባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የተቋሙንና የፕሮግራሙን ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

ስድስት ዓመት ከመንፈቅ

እኔ የጀመርኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። የጨረስኩት በ2016። በመካከሉ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እናቴንና ልጆቹን ይዘን በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄድን። ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ነፃ ወጥተው ስንመለስ የዩኒቨርሲቲው የደሴም የኮምቦልቻም ግቢ ተዘርፎና ተጎድቶ ነበር። ትምህርት እስኪጀመር ወራት ፈጀ። ከክፍላችን ያልተመለሱ አሉ። እኔም ልተወው ብዬ ነበር። «የስንቱን ወረቀት ጠፍቶበት በየደጃፉ የሚቀመጥ ሰው እያየሽ?» ያለችኝ እናቴ ናት። እውነቷን ነበር፤ በዚያ ሰሞን የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል የጠፋበት ሰው ምን ላድርግ እያለ ከደጃችን አይጠፋም ነበር።

የሳምንቱ አዋዋል ይህን ይመስል ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ማታ ተመልሼ ሐረጎን እወጣለሁ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሚኒባሱ በእግር የሚሄድ ይመስላል። ኮምቦልቻ በላብ የረጠበ ልብስ ደሴ ሲደርስ ይበርዳል። ራት ከተበላና ልጆች ከተኙ በኋላ ሁለት ሰዓት አነባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ክፍል ነኝ። ያም ማለት ለስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ የዘመድ ጥየቃ በአብዛኛው ያለ እኔ ሆነ ማለት ነው። ባለቤቴ «የቤታችን እግር እኔ ሆኛለሁ» ይል ነበር፤ በየለቅሶው የሚደርሰው እሱ ስለነበር።

ልጆቹ ስጀምር ትልቋ ስምንት፣ ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነበር። ትንሹ «እማማ» የሚለው አያቱን ነው፤ እኔን በስሜ ይጠራኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም፤ ዋጋው ይህ ስለሆነ ነው። የክሬዲት ክፍያ በወር ተከፋፍሎ ይከፈላል። የልጅ ሦስተኛ ዓመት፣ አራተኛ ዓመት ግን ተከፋፍሎ አይከፈልም። እኛ የተስማማነው እሁድ ማታ የማንም እንዳይሆን ነበር፤ መጽሐፍ አይገለጥም፣ ስልክ አይነሣም። ፈተና ሳምንትም ቢሆን ይህን አልነካንም። ትልቋ ልጄ ዛሬ ከነዚያ ዓመታት የምታስታውሰው እሁድ ማታውን ነው።

ለአያቶችም አንድ ነገር ልበል። ልጅ ማሳደግ አንዴ ጨርሳችሁ እንደገና ስትጀምሩ «ደስ ይለኛል» ብቻ አትበሉ፤ የምትችሉትን ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት «ምግብና እንቅልፍ በእኔ፤ የቤት ሥራና ሐኪም ቤት በእናንተ» ብላ ነበር። ጉልበቷ ሲያማት ደግሞ አልደበቀችንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጅ እየከፈልን እንድታግዛት አደረግን። ይህ ባይሆን ኖሮ ትምህርቱ በሁለተኛው ዓመት ይቆም ነበር።

እናቴና የሕግ መጽሐፉ

የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በክልላችን ፍርድ ቤት የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ ረቂቁ በፈረንሳይኛ ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ የተመለሰው። በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ በፌዴራል አዋጆች ላይ ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ ተማሪው ሁለቱንም ማንበብ አለበት።

አማርኛውን ያስጠናችኝ እናቴ ናት። ፊደል የቆጠረችው ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እሷ ቡና እየቆላች ትሰማለች። «ይርጋ»፣ «ዋስ»፣ «ቀብድ»፣ «መሓላ»፣ «ነገረ ፈጅ» የሚሉትን ቃላት ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች። ሽማግሌ ፊትና አበጋር ፊት ተቀምጣ ያደገች ስለሆነች። «ይህማ የአባቶቻችን ሕግ ነው» ትላለች አንዳንዴ፤ አንዳንዴ ደግሞ «ይህን የጻፈው ወሎን አያውቅም» ትላለች። ብድር ከ500 ብር ከበለጠ በጽሑፍ፣ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጠው እምነት ወይም መሓላ ካልሆነ በምስክር እንደማይረጋገጥ በአንቀጽ 2472 ሳነብላት ሥራዋን አቁማ፣ «ታዲያ ዕቁቡስ? ለጎረቤት ያበደርኩትስ?» አለችኝ። በማግስቱ ደብተር ገዛች። አሁን ሲያበድሩም ሲበደሩም ማስፈረም የሰፈሩ ልማድ ሆኗል። የተቀየመ የለም፤ «ልጅሽ ናት ያለችው» እያሉ በእኔ ያመካኛሉ።

አንድ ሰው ሕግ ሲማር ቤተሰቡ የሚያገኘው ትልቁ ነገር እንዲህ ያለው ነው። ጠበቃ ከማግኘት በፊት ጠበቃ የማያስፈልግበትን ኑሮ መልመድ።

ስለ ኑዛዜ፣ ለታላላቆቻችን

ከአያቴ ነገር በኋላ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ስለማይሆን ባጭሩ ላስቀምጠው።

በሕጉ የታወቁት የኑዛዜ ዓይነቶች ሦስት ናቸው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈውና በቃል የሚደረግ። በግልጽ የሚደረገውን ራሱ ተናዛዡ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ዋናው ነገር በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ላይ መገለጹ፣ ሁሉም እዚያው መፈረማቸው ነው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል። «የሰማነው ብዙ ነን» ማለት ከዚህ ሥርዓት አንዱንም አይተካም።

በእጅ የሚጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል በሚያዋውል አካል ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ፈራሽ ይሆናል። የቃል ኑዛዜማ ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ራሱ ይቀራል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም፤ ለየብቻ ይጽፉ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም በዳኛ ይመዘናል። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ እኩል ይወርሳሉ። ብዙ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር አያውቁም፤ ሚስት በጋብቻ ዘመን ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹ የራሷ ነው፤ የባሏን ግማሽ ግን ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። በመጦሪያ ዕድሜ ላይ ከልጅ ጋር ለክርክር መቅረብ የማይፈልግ ሰው ቀድሞ ይጻፍ።

በወሎ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚኖር ይህንንም ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ወገኖቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። አንዱ ካልፈቀደ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከምረቃ በኋላ ምን አለ?

እውነቱን ለመናገር፣ የሕግ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና አለ። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ በክልል ፍርድ ቤቶች ለመሥራት ፈቃዱ የሚጠየቀው ከክልሉ ነው። ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነት የራሳቸው ምልመላና ሥልጠና አላቸው። ልጃችሁ «እንደተመረቅኩ ቢሮ እከፍታለሁ» ካለ ይህን አስታውሱት።

ቀድሞ ሙያ ያለው ሰው የሚያተርፈው ሁለቱን ሙያ አንድ ላይ ሲያስኬድ ነው። የመሬት ባለሙያው የይዞታ ክርክርን ከካርታውም ከአዋጁም ያነበዋል። ነርሷ የሕክምና ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን እንደሚጠየቅ ታውቃለች። እኔ ዛሬም እዚያው ፋብሪካ ነኝ። ቀድሞ ግብር አስልቼ እከፍል ነበር፤ አሁን የግብር ውሳኔው የተሳሳተ ሲመስለኝ በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ቅሬታውን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ውሎች ከመፈረማቸው በፊት በእጄ ያልፋሉ። ደመወዜ የጨመረው በመጠኑ ነው፤ ቃሌ የሚሰማው ግን ከቀድሞው በእጥፍ ነው።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በየሰፈሩ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዳንዶቹ ይጠይቁኛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ እንደማይችል፣ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር መሆኑን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሳያቸዋለሁ። የማልችለውን ወደሚችል እልካለሁ። አንዷ ልጅ አዋጁን ፎቶ አንሥታ ለመኝታ ቤት ጓደኞቿ ስትልክ ሳይ ለስድስት ዓመት የቀረሁበት ለቅሶና ሠርግ በከንቱ እንዳልሄደ ይሰማኛል።

ከመመዝገቡ በፊት ጠይቁት

ልጃችሁ ከመመዝገቡ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ።

በመጀመሪያ፣ ሕግን የሚፈልገው ለምን ሥራ ነው? «ለማንኛውም ይጠቅማል» የሚል መልስ ለአምስት ዓመት ስንቅ አይሆንም። አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ በግልጽ ችሎት ተቀምጦ ይዋል፤ የሚስበው ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ቀጠሮ፣ ወረቀት፣ ወረፋ፣ እንደገና ቀጠሮ ነው። ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው አይደለም።

ቀጥሎ፣ ያለው ሥራ ምን ይሆናል? ሥራውን ለቅቆ በመደበኛው መማርና እየሠሩ መማር የተለያየ ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያው ደመወዝ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ጊዜ ያስረዝማል። ሁለቱንም በወረቀት ላይ አስሉት።

ሦስተኛ፣ ልጆች ካሉ ማን ይይዛል? የአያት ጤናስ እንዴት ነው? የትዳር ጓደኛውስ በሙሉ ልብ እሺ ብሏል ወይስ ዝም ብሏል? ዝምታ ስምምነት አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት ይፈነዳል።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና አለው? ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙለት በጽሑፍ ተነግሮታል?

አምስተኛ፣ ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? በእኛ አካባቢ ይህ የሟርት ጥያቄ አይደለም። የተመዘገበበትን ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኝና የውጤት ሰነዱን ሁሉ ቅጂ አድርጎ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ። በ2014 ዓ.ም. ወረቀታቸውን በእጃቸው የያዙ ጓደኞቼ ነገራቸው ቀሏቸዋል።

መልሶቹ ጥሩ ከሆኑ አትከልክሉት። ዕድሜው ሠላሳም ይሁን አርባ፣ ሁለት ዲግሪ ይኑረውም አይኑረው፣ ለመማር የሚነሣ ልጅ ከቤቱ «አብሽር» የሚለው ሰው ይፈልጋል። መልሶቹ ካልጠሩ ደግሞ አንድ ዓመት ያቆየው፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም። በዚያ አንድ ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አማርኛ ቅጂ ገዝቶ ማታ ማታ ለአባትና ለእናቱ ያንብብ። ይህ ምዝገባ አይፈልግም፤ ጥቅሙም ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል።